በአባዶ የግጥም ምሽት ለግጥም ነጥብ መስጠት ይቀጥል ወይስ ይቅር?

የአባዶ መድረክ (ክሩን የከፈተው)
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ትናንት ቅዳሜ ከእኛ ጋር ያመሻችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ላልመጣችሁት ግን ከሥሩ ልንገራችሁ። ፍርዳችሁን እፈልጋለሁ። ሌሊቱን ሳሰላስለው ነው ያደርኩት።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ግጥም ለመስማት መሃል ከተማ መውረድ ነበረብን። ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲቀርብ፣ በወመዘክር አዳራሽ የግጥም መጽሐፍ ሲመረቅ፣ ከሥራ በቀጥታ ሄደን እንቀመጥና ልክ መድረኩ ሲሞቅ ሰዓታችንን እያየን እንነሳለን፤ ወደ አባዶ የሚመለሰው ታክሲ ማንንም አይጠብቅም። ስንቱን ግጥም ቤት ሳይመታ ትቼው ወጥቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አምስት ሆነን በብሎካችን አጠገብ ባለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ መሰብሰብ ስንጀምር ምክንያታችን ይኸው ብቻ ነበር። ወንበሩን እድሩ አዋሰን። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ከጎረቤት ሱቅ እናመጣለን። ቡና ይፈላል፤ ግጥም ያለው ተነስቶ ያነባል፤ የሌለው ያዳምጣል።

መድረኩ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ግን የራሱን ችግር አመጣ። አንዳንዱ ከስልኩ ላይ ሃያ ደቂቃ ያነባል። ቀና ብሎ ሰው ሳያይ ጀምሮ የሚጨርስም አለ። በክረምቱ አንድ ቀን ስንጨርስ ከአዘጋጆቹ በቀር አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ ወጣቶቹ አሜሪካኖቹ «ስላም» የሚሉትን የግጥም ውድድር እንሞክር አሉ። ደንቡን አጥንተን አመጣን፦ ለአንድ ገጣሚ ሦስት ደቂቃ፣ ሙዚቃ የለም፣ ልዩ አልባሳት የለም፣ ግጥሙ የራስ መሆን አለበት። ከታዳሚው መካከል በዘፈቀደ የተመረጡ አምስት ሰዎች ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይሰረዙና የቀሩት ሦስቱ ይደመራሉ። ሙሉው 30 ነው። ከሦስት ደቂቃ በላይ ለሄደ ሰው አሥር ሰከንድ ይታለፍለታል፤ ከዚያ በኋላ በየአሥሩ ሰከንድ ግማሽ ነጥብ ይቀነሳል።

ሠራ። ይህን መካድ አልችልም። በሁለተኛው ወር ወንበር አልበቃንም።

ትናንት ግን አንዲት እናት መጡ። ምርኩዝ ይዘው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ማይክሮፎኑ ፊት ቆመው ሰላምታ ጀመሩ። እኛን፣ ወላጆቻችንን፣ ወንበር የሰጠውን እድር፣ ቡና ያፈላችውን ልጅ ሁሉ በየተራ ጠየቁ። በደንቡ መሠረት ገጣሚው ለታዳሚው ቃል ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሰዓቱ ይቆጠራል፤ ሰዓት ያዡም ቆጠረ። ግጥማቸው አጭር ነበር፤ ነገር ግን የመጨረሻውን ቤት ሲመቱ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሆኖ ነበር። ያ ቤት ይኸውላችሁ፦

*ዕጣዬ ወጣና ጎረቤቴ ራቀ፣*
*ደረጃዬ ከፍ ሲል ጠያቂ አለቀ።*

ዝም አልን። ዳኞቹ ጻፉ፦ 6፣ 5.5፣ 7፣ 8.5፣ 6.5። ሁለቱ ተሰርዘው 19.5፤ ለሰዓቱ 1.5 ተቀንሶ 18። ከአሥራ አንድ ሰው መጨረሻ ወጡ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ።

ግጥማቸው ምን እንደሚል የገባኝ ወንበር ስንሰበስብ ነው። እዚህ አልፈታውም፤ እናንተው ድረሱበት። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ይህን ነጥብ የሚባል ነገር እንቀጥል ወይስ እንተወው?

---

ሰንጎ መገን
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡25

ትናንት አንደኛ የወጣሁት እኔ ስለሆንኩ የምናገረው ለራሴ እንዳይመስል እፈራለሁ፤ ሆኖም ዝም ማለት አልችልም። ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትተወው።

እኔ ነጥብ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ መድረክ አንብቤያለሁ። ባነበብኩ ቁጥር ይጨበጨብልኝ ነበር። ለሁሉም ይጨበጨብ ነበር፤ ለጥሩውም ለመጥፎውም እኩል። ያ ጭብጨባ የፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ምንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያው ውድድር ቀን 16.2 አገኘሁ። ቤቴ ገብቼ ግጥሙን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ በቃሌ ያዝኩት፤ ወንድሜ ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። በሕይወቴ ግጥም እንደ ሥራ የያዝኩት ያን ሳምንት ነው።

ውድድሩ የባዕድ ነው የሚሉም አሉ። ስላም የሚባለውን ያስጀመረው ማርክ ስሚዝ የተባለ የቺካጎ ሰው ነው፤ የግንባታ ሠራተኛ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1986 ግሪን ሚል ወደተባለ የጃዝ ቤት አዛወረው። ዳኞቹ ምሁራን እንዳይሆኑ ሆን ብሎ ነው ከታዳሚው የመረጣቸው፤ ያኔ ግጥም ንባብ ምሁራን ለምሁራን የሚያነቡበት ቀዝቃዛ ስብሰባ ሆኖ ነበርና። ሰሚው ሥልጣን እንዲኖረው ፈለገ። እኛስ? እንካ ስላንትያ እየተባባልን አላደግንም? አንዱ ሲመታ ሌላው በቤት ካልመለሰ የተሸነፈ አይደለም? ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ጥሩ ከገጠሙ ሙልሙሉ አይበዛላቸውም? ግጥምና ፉክክር በእኛ አገር አብረው የኖሩ ናቸው።

ስለ እማማ ግን ልክ ነህ። ቤታቸውን ቆጥሬዋለሁ። «ዕጣዬ ወጣና» ስድስት፣ «ጎረቤቴ ራቀ» ስድስት። «ደረጃዬ ከፍ ሲል» ስድስት፣ «ጠያቂ አለቀ» ስድስት። ንጹሕ የወል ቤት ነው። እኔ ስሜን ሰንጎ መገን ብዬ፣ አምስት አምስት እቆጥራለሁ እያልኩ፣ ትናንት ባሸነፍኩበት ግጥም ውስጥ ሁለት ቦታ ቁጥሬ ተሰብሯል። በድምፄ ሸፈንኩት። ማንም አላወቀብኝም።

---

ፌርማታ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡50

እኔ ካለፈው ወር ጀምሮ ቀርቻለሁ። ሌሎች ሦስት ልጆችም ቀርተዋል። ከነጥቡ ጋር እንዳታያይዙት ብዬ ነው የምጽፈው። የቀረነው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ 3 ሰዓት ስለምታበቁ ነው። እኔ የምኖረው አያት ሰፈር በኩል ነው፤ በዚያ ሰዓት ከአባዶ የሚወጣ ታክሲ መጠበቅ፣ ከዚያ ባጃጅ መለመን፣ ከዚያ ጨለማ መንገድ በእግር፣ ከዚያ የእናቴ ፊት። ግጥም ከመሃል ከተማ ያመጣችሁት መንገዱ ስለከበዳችሁ ነው ብለሃል፣ ወንድሜ፤ ለእኛ ለሴቶቹ መንገዱ ዛሬም ያው ነው፣ ያጠረው በኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ አድርጉት።

---

የቆሎ ተማሪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡15

ልጆቼ፣ እኔ በወጣትነቴ ጎጃም ቅኔ ቤት ነበርኩ። ዛሬ የምኖረው ከጣፎ አደባባይ ብዙ ሳልርቅ ነው፤ ሁለት ጊዜ መጥቼ ከኋላ ተቀምጬ ሰምቻችኋለሁ። ስለ ነጥቡ የሚሰማኝን ልንገራችሁ።

ቅኔ ቤት የገባ ልጅ የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። እየበረታ ሲሄድ ከፍ ከፍ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ቀን በየጥሻው ተበታትኖ ብቻውን ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፤ ይህን ቆጠራ ይሉታል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል፤ ነገራ ማለት ይህ ነው። እዚያ ፈተናው ከእናንተ ውድድር የቀለለ እንዳይመስላችሁ። ባልንጀሮችህ ሁሉ ይሰሙሃል። ግን መምህሩ ስድስት ነጥብ አምስት አይልህም። «ይህ ቃል ሰሙን ይዞ ወርቁን ጣለ» ይልሃል። «እዚህ ጋ ምሥጢሩ ደረቀ» ይልሃል። ቃሉን ነቅሎ ሌላ ይተክልልሃል፤ አንተም ስትሄድ የት እንደወደቅህ ታውቃለህ። ሰንጎ መገን፣ ልጄ፣ 16.2 ባገኘህ ጊዜ ያስተማረህ ቁጥሩ ነው ብለሃል፤ እኔ ያስተማረህ እልህህ ነው እላለሁ። ቁጥሩ የት ጋ እንደተሳሳትክ ነገረህን?

ቅኔው ሲያምር ደግሞ ሰሚው «ይበል! ይበል!» ይላል። ይህን የሚለው የገባው ሰው ነው፤ ያልገባው ዝም ይላል፣ ዝም ማለቱም ነውር የለበትም፣ በኋላ ባልንጀራውን ይጠይቃል። ሰምና ወርቅ ያለው ነገር በሁለት እግሩ ነው የሚመጣ። ሰሙ ቀድሞ ይገባል፤ ወርቁ በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ይቆያል። እናንተ ሰሙ እንደገባ በሩን ዘጋችሁት።

ስለ ሰላምታው ግን በጣም አዝኛለሁ። አንዲት ሽማግሌ እናት ቆመው ቤቱን ሳይሳለሙ እንዴት ይናገሩ? ሰላምታቸውን ሰዓት ቆጥራችሁ ቅጣት አደረጋችሁበት። የቺካጎ ደንብ ለቺካጎ ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል።

---

የአባዶ መድረክ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡30

አባቴ፣ ያሉት ሁሉ ገብቶኛል። ስለ ሰላምታው ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰዓት ያዡ ልጅ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

---

ጎሚስታው
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ከአምስቱ ዳኞች አንዱ እኔ ነኝ። 5.5 የሰጠሁት እኔ ነኝ። የእኔ ነጥብ ዝቅተኛ ስለነበረ ተሰርዟል፤ ይህ ግን አላጽናናኝም።

እኔ ግጥም አላውቅም። ሥራዬ ጎማ መጠገን ነው። ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ቡና ልጠጣ ስገባ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ፤ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰው አስተያየቴን በጽሑፍ ጠይቆኝ አያውቅም። የእማማ ግጥም ሲያልቅ ስለ ክብር የሚያወሩ መሰለኝ። ዕጣ ወጣላቸው፣ ደረጃቸው ከፍ አለ፣ ማለትም ከበሩ፣ ወዳጅ ቀናና ራቀ። ይህን ሰው ሁሉ ይለዋል አልኩና 5.5 ጻፍኩ። ለመጻፍ አሥር ሰከንድ እንኳን አልፈጀብኝም።

ትናንት ሌሊት ውሃ መጣ። እኛ ብሎክ ግፊቱ ላይ ድረስ ስለማይወጣ ከታች ቀድተን ነው የምንሸከመው። ሁለት ጄሪካን ይዤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ አለቀና ቆምኩ። «ደረጃዬ ከፍ ሲል» የሚለው ድምፃቸው እዚያ ነው የመጣብኝ። ደረጃ! የቆምኩበት ደረጃ! ለካ ስለ ክብር አይደለም። አራተኛ ፎቅ ደርሷቸው፣ እኩዮቻቸው ያንን ሁሉ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው፣ የሚጠይቃቸው ሰው አልቆ ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ እኔ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣችው፤ እሷም ጉልበቷን ያማት ነበር። ጄሪካኑን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ለእማማ ይቅርታ ማለት እፈልጋለሁ። እንዴት እንደማገኛቸው የሚያውቅ ይጻፍልኝ። ሁለተኛ ዳኛ አልሆንም።

---

ማሲንቆ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ጎሚስታው፣ ወንድሜ፣ ከአምስቱ ዳኞች መካከል ግጥሙን እስከ ቤቱ ተሸክሞት የሄደው አንተ ነህ፤ ዳኝነት መተው የለብህም።

እኔ ከአዝማሪ ቤተሰብ ነኝ። ጥፋቱ የት ጋ እንደሆነ ይታየኛል። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው ነው ግጥም የሚሰጠው። ጥጉ ላይ የተቀመጠው ሰው «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ መልሶ ይለዋል። ለምን መልሶ ይለዋል? ሰጪው እኮ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ብሎታል። መልሶ የሚለው ግጥም አንድ ጊዜ ተሰምቶ ስለማይበቃው ነው። አባቴ ስንኝ ሲቀበል ቤቱ የሚስቀው ሁልጊዜ በሁለተኛው ነበር። መጀመሪያ ሲሰጥ ሰው ቃሉን ይሰማል፤ አዝማሪው ሲመልሰው ነገሩን ይሰማል። በመካከሉ ማሲንቆው ትንሽ ይጫወታል፤ ያች ትንሽ ጊዜ ለጌጥ የገባች አይደለችም፣ ሰው እንዲያስብባት ነው።

እኛ አዳራሽ ግን ገጣሚው ቤት እንደመታ «ዳኞች!» ተብሎ ይጮሃል። ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ ገጣሚው ሲጨርስ የመጨረሻውን ቤት «ተቀበሉ» ይበል፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ መልሶ ይበለው። ከዚያ በኋላ ዳኛው ይጻፍ። ሙዚቃ ክልክል ነው ካላችሁም ማሲንቆዬን ቤት እተዋለሁ፤ የሰው ድምፅ ይበቃል።

---

የለገጣፎ ልጅ
ሰኞ፣ ቀን 7፡20

ስለ ነጥብ ከተነሳ የእኔንም ልናገር። እኔ የምጽፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። አያቴ ገረርሳ ሲል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ እናንተ ሽለላና ፉከራ የምትሉት ጋር የሚቀራረብ ነገር አለው፤ ጀግንነትም፣ ሮሮም፣ የራስን ሕይወት መናገርም ይኖርበታል። ባለፈው ወር አንዱን በዚያ መንፈስ የጻፍኩትን አነበብኩ። ከአምስቱ ዳኞች ቋንቋውን የሚሰሙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አንደኛው 9.5 ሰጠኝ፤ ከፍተኛ ስለሆነ ተሰረዘ። በደንቡ ምክንያት የገባው ሰው ነጥብ ወጥቶ ያልገባቸው ሰዎች ነጥብ ቀረልኝ። የተንኮል ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ያልገባቸውም በጨዋነት 7 እና 7.5 ነው የሰጡኝ። ለጨዋነታቸው አመሰግናለሁ፤ ግን እኔ የሄድኩት ለመሰማት ነበር።

አንዳንዶች በአማርኛ ተርጉመህ አንብብ ብለውኛል። ሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ? ስተረጉመውም ቤቱ ይፈርሳል።

---

ሰንጎ መገን
ሰኞ፣ ቀን 8፡05

የለገጣፎ ልጅ፣ ያን ቀን ነበርኩ። ቋንቋው ባይገባኝም ድምፅህ ሲወርድና ሲነሳ ፀጉሬ ቆሞ ነበር፤ ስለ ነጥቡ ግን አላሰብኩበትም። ይህ በእውነት የደንቡ ጉድለት ነው።

አባታችን የቆሎ ተማሪ፣ ቁጥሩ የት እንደወደቅሁ አልነገረኝም፤ ይህንንም አምናለሁ። ግን የቅኔ መምህር የምናመጣው ከየት ነው? እኛ መድረክ ላይ ያለው ጎማ የሚጠግን፣ ሱቅ የሚጠብቅ፣ ከሥራ የመጣ ሰው ነው። እሱ «ምሥጢሩ ደረቀ» አይልልኝም። ቁጥር ግን መስጠት ይችላል። ቁጥሩን ከወሰዳችሁበት የሚቀረው ያ የድሮው ጭብጨባ ነው።

---

ጡረተኛው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ልጆች፣ ጥቂት ላስታውሳችሁ። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን በሚባለው በዓል ተማሪዎች ግጥም በውድድር ያቀርቡ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። የድሃውን ኑሮ በድሃው አፍ የተናገረ ግጥም ፊታቸው ተነቧል፤ ከዚያም ነገር ተነስቷል። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ታላቅ ወንድሜ ግን ስንኞቹን ከወረቀት ወደ ወረቀት ገልብጦ ቤት ያመጣቸው ነበር። በኩራዝ እናነባቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ ንባብ በቃሌ የቀሩ ስንኞች አሉ። ዳኞቹ ማን ለማን ምን እንደሰጡ ግን ወንድሜም ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ውድድሩ ባይኖር ግን እነዚያ ልጆች ያን ያህል ይደፍሩ ነበር ወይ ብትሉኝ አይመስለኝም። መድረክና ፉክክር ድፍረት ይሰጣል። ስለዚህ ሰንጎ መገንን ዝም አታሰኙት።

---

ፌርማታ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

ስለ ሰዓቱ ማንም አልመለሰልኝም።

---

አራተኛ ፎቅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ይህን ክር ጓደኛዬ ልካልኝ ነው። እማማ የምትሏቸው አያቴ ናቸው። ዛሬ ማታ ሁሉንም አነበብኩላቸው፤ የጎሚስታውን ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል።

ነጥቡ አላስከፋቸውም፤ ምን እንደሆነም በደንብ አልተረዱትም ነበር። 18 ሲባል ዕድሜ የሚገምቱ መስሏቸው እንደሳቁ ነው የነገሩኝ። ያሳዘናቸው ሌላ ነው። ቤት እንደገቡ የጠየቁኝ «ያ የሚይዙት ነገር ተበላሽቶ ነበር እንዴ? አልተሰማሁም መሰለኝ» ብለው ነው። በድሮው ሰፈራችን ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት አንድ ቤት ሲመቱ ሰው ይቀበላቸው ነበር፤ «እሰይ» ይባል ነበር፤ የሚያለቅስም ያለቅስ ነበር። እዚህ ዝም ሲባል መሣሪያው የተበላሸ መሰላቸው።

ሌላም ልንገራችሁ። አያቴ ከአራተኛ ፎቅ የሚወርዱት በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ለመውረድ ሃያ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ ለመውጣት ከዚያ በላይ፤ በየመታጠፊያው ወንበር እያስቀመጥኩላቸው። ቅዳሜ ለእናንተ ሲሉ ተጨማሪ ወርደዋል። ማክሰኞ በጉልበታቸው ምክንያት ከአልጋ እንደማይነሱ እያወቁ ነው የወረዱት። ግጥሙን ለሦስት ሳምንት ነው ያዘጋጁት፤ መጻፍ ስለማይችሉ እኔ ጻፍኩላቸው እንጂ በቃላቸው ነው የሚይዙት።

ጎሚስታው፣ ወንድሜ፣ መምጣት ከፈለግህ ና። ደረጃውን ታውቀዋለህ።

---

የአባዶ መድረክ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ትናንት እኔ፣ ጎሚስታው፣ ሰንጎ መገንና ማሲንቆ እማማ ቤት ወጥተን ነበር። ቡና ጠጣን። ስላየነው ሌላው ይቆይ፤ ከአዘጋጆቹ ጋር የተስማማነውን ላስታውቃችሁ።

ፌርማታ፣ እህቴ፣ ይቅርታ፤ መጀመሪያ መመለስ የነበረብኝ ለአንቺ ነው። ከዚህ በኋላ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምረን 11 ላይ እናበቃለን። ነጥብ አይቀርም፤ ግዴታም አይሆንም። ስሙን ሲያስመዘግብ «በውድድር» ያላለ ሰው ማንም ቁጥር አያወጣለትም። ሰላምታ ከሰዓቱ ውጭ ነው፤ የፈለገውን ያህል። ማሲንቆ እንዳለው የመጨረሻውን ቤት አዳራሹ ተቀብሎ ይለዋል፤ ዳኞቹ እስክሪብቶ የሚያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። በአፋን ኦሮሞ ለሚቀርብ ግጥም ዳኞቹ ሁሉ ቋንቋውን የሚሰሙ ይሆናሉ፤ አምስት ካላገኘን በሦስት፣ ሳንሰርዝ። ትርጉም የሚጠየቅ የለም። የቆሎ ተማሪ አባታችን ደግሞ የፈለገ ገጣሚ ካነበበ በኋላ ወደ እሳቸው ወንበር ሄዶ እንዲያስነግሩት ፈቅደዋል። ይህን በመስማማታቸው እንዴት እንደተደሰትኩ መግለጽ ያቅተኛል።

ሰንጎ መገን በውድድርና ያለ ውድድር መከፋፈሉን አልወደደውም፤ ቀስ በቀስ ሁሉም ያለ ውድድር ወደሚለው ይሸሻል ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ሦስት ወር እንሞክረውና እናያለን።

የሚቀጥለው ስብሰባ በጋራ መገልገያው ሕንፃ አይደለም። በእማማ ብሎክ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለው ግቢ ነው። የብሎኩ ኮሚቴ ፈቅዶልናል፤ ዝናብ ቢመጣ የእድሩ ድንኳን አለ። እማማ መውረድ ካልቻሉ በረንዳቸው በቀጥታ ወደ ግቢው ስለሚያይ የማይክሮፎኑን ገመድ ወደ ላይ እናወጣለን። ገመዱን ለክተነዋል፤ ይደርሳል።

---

አራተኛ ፎቅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

አያቴ ከሄዳችሁ በኋላ አንድ ቤት አስጻፉኝ። «ለዚያ ለጎማው ልጅ ስጪው» አሉ። እንዴት እንደሚነበብ ግን አልነግርህም አሉ።

*ልጆቹ መጡና ደረጃ ወረዱ፣*
*ወርቁን ለእኔ ትተው ሰሙን ይዘው ሄዱ።*

---

የቆሎ ተማሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

ይበል! ይበል! ልጆቼ፣ ማንም እንዳይፈታለት። ለእሱ ነው የተሰጠው።

---

ጎሚስታው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

አዝኛለሁ። ልክ ናቸው፤ ወርቁን ጥዬ ሰሙን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ይህን መቀበል አለብኝ።

---

ጎሚስታው
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ሱቅ እየከፈትኩ ነበር። «ሙ»ን አጥብቄ አነበብኩት።

ሰምተውናል ነው ያሉት።